በያይነቱ ሥር ያለው ወንፈል

ሽንኩርት ረዳት ይፈልጋል፣ ጎመን አይፈልግም። ተክሎች ከሥራቸው ፈንገስ ጋር ስላላቸው ስምምነት፤ ለወላጆችም ለልጆችም

አንድ የጾም በያይነቱ ፊታችሁ ቀረበ እንበል። ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር በድንች፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ጥግ ላይ የቲማቲም ሰላጣ በቃሪያ፣ ከታች እንጀራው። ልጆቻችሁን «ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው ትንሹ «ከሱቅ» ይላል፣ ትልቁ «ከአፈር» ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ግን አፈር ውስጥ ያለውን ምግብ ለተክሉ ማን እንደሚያቀብለው ብትጠይቁ ከትልልቆቹም መልስ የሚሰጥ ብዙ አይገኝም።

ከሚያቀብሉት አንዱና ዋናው ፈንገስ ነው። ፈንገስ ሲባል የሚታየን ዳቦ ላይ የሚወጣው ሻጋታ፣ የእግር ጣት መሃል የሚያሳክከው በሽታ፣ ወይም ዝናብ ሲዘንብ ብቅ የሚለው የጅብ ጥላ ነው። ይሄኛው ፈንገስ ግን ሌላ ነው። ከተክል ሥር ጋር አብሮ ይኖራል፣ ሥሩ የማይደርስበትን ምግብ ፈልጎ ያመጣለታል፣ በምላሹ ከተክሉ ስኳርና ቅባት ይቀበላል። በየብስ ላይ ካሉት የተክል ዓይነቶች አብዛኞቹ፣ ከአሥሩ ስምንት ወይም ከዚያም በላይ፣ እንዲህ ያለ ባልደረባ አላቸው።

ስሙ ማይኮራይዛ ይባላል። ከግሪክኛ የመጣ ነው፣ ትርጉሙ «ፈንገስ ሥር» ማለት ነው። ስሙን ያወጣው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ የሚባል ጀርመናዊ ሳይንቲስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1885። የሚገርመው፣ ፍራንክ ወደዚህ ነገር የገባው በምግብ ምክንያት ነው። የፕሩሺያ መንግሥት ትራፍል የሚባለውን ውድ እንጉዳይ እንደ ድንች ዘርቶ ማምረት ይቻል እንደሆነ እንዲያጠና አዘዘው። ትራፍሉን ሲከታተል የዛፎቹ ሥር በፈንገስ ተጠቅልሎ አገኘው። ዛፎቹ ደግሞ አልታመሙም፤ እንዲያውም ደህና ነበሩ። የዚያን ጊዜ ሰው ፈንገስን የሚያውቀው በበሽታነቱ ስለነበር «ዛፉን የሚመግበው እሱ ነው» ሲል ብዙዎች ሊቀበሉት አልፈለጉም።

አንዱ ያበስላል፣ አንዱ ያመላልሳል

ነገሩ እንዲህ ነው። ተክል ማለት ወጥ ቤት ነው። ከፀሐይ ብርሃን፣ ከአየርና ከውሃ ስኳር ይሠራል። ይህን ሙያ ፈንገስ አያውቀውም። አረንጓዴ ቅጠል ስለሌለው የራሱን ስኳር ሠርቶ መብላት አይችልም። ምግብ ቤት ያለው ሰው ደግሞ እንደሚያውቀው ምድጃ ብቻውን ወጥ አይሆንም፤ ጠዋት ጠዋት በጓሮ በር በኩል እቃ የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል።

ለተክል በጣም አስቸጋሪው እቃ ፎስፈረስ ነው። ፎስፈረስ አፈር ውስጥ አለ፤ ግን ከሸክላው፣ ከብረቱና ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ ንቅንቅ አይልም። ሥሩ አጠገቡ ያለውን ቶሎ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ርቆ ምግብ ተቀምጦ እያለ ሥሩ ይራባል። እዚህ ላይ ነው ፈንገሱ የሚደርስለት። የፈንገስ ክር ከፀጉር በጣም የቀጠነ ነው፣ ውፍረቱ የሚሊሜትር ጥቂት ሺኛ ነው። ሥር በማይገባበት ቀዳዳ ይገባል፣ ከሥሩ ብዙ ሴንቲሜትር ርቆ ይሄዳል። ከአንድ ማንኪያ ጤነኛ አፈር ውስጥ ያለው ክር ተዘርግቶ ቢለካ በርካታ ሜትር ይሆናል። በዚያ ሁሉ ክር ፎስፈረስ፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ናይትሮጅን፣ አንዳንዴም ውሃ ወደ ሥሩ ይመጣል።

ርክክቡ የሚፈጸመው ሥሩ ውስጥ ነው። በአብዛኛው እህልና አትክልት ላይ ያለው የፈንገስ ዓይነት ወደ ሥሩ ሕዋስ ገብቶ እንደ ትንሽ ዛፍ ይቀረነፈፋል። ቅርንጫፎቹ በጣም ብዙና ቀጫጭን ስለሆኑ ሰፊ የመቀባበያ ቦታ ይፈጥራሉ። ዋጋውም ቀላል አይደለም። ተክሉ ከሚሠራው ስኳር ከመቶ ከ4 እስከ 20 ያህሉን ለፈንገሱ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ይህ ፈንገስ ቅባቱንም ከተክሉ እንደሚቀበል ተረጋገጠ፤ ለራሱ የሚሆነውን መሠረታዊ ቅባት መሥራት አይችልም።

ሌላው ዓይነት ወደ ሕዋሱ አይገባም፤ የሥሩን ጫፍ እንደ ጓንት ከውጭ ይለብሰዋል። ይሄኛው በፓይን፣ በኦክና በበርች ዛፎች ላይ ይገኛል። በአሜሪካና በአውሮፓ ጫካዎች መሬት ላይ የምናያቸው ብዙ እንጉዳዮች የእነዚህ ፈንገሶች ፍሬዎች ናቸው።

ይህ ነገር ትናንት የተጀመረ አይደለም። በስኮትላንድ ራይኒ በምትባል መንደር አጠገብ ከተገኙ፣ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ካላቸው ድንጋዮች ውስጥ ተክሎች ከነፈንገሳቸው ደርቀው ተገኝተዋል። እነዚያ ተክሎች ገና ደህና ሥር እንኳን አልነበራቸውም። ተክል ከውሃ ወጥቶ ደረቅ መሬት ላይ መኖር ሲጀምር ፈንገስ ረድቶታል ብለው ሳይንቲስቶች የሚያምኑት ለዚህ ነው።

ጥሪውን ሌባም ይሰማል

ሁለቱ ጨለማ ውስጥ እንዴት ይገናኛሉ? ተክሉ ፎስፈረስ ሲያንሰው ከሥሩ የተለየ ንጥረ ነገር ወደ አፈር ይለቃል። «ርቦኛል፣ ስኳር አለኝ፣ ና» እንደማለት ነው። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳዩት ፈንገሱ ይህን ሲያገኝ ክሩን ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ያደርጋል፤ በዚህም ሥሩን የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል።

የዚህ ንጥረ ነገር ስም ስትራይጎላክቶን ነው። ስሙ የመጣው ስትራይጋ ከሚባል አረም ነው። እኛ አቀንጭራ የምንለው ማለት ነው! ማሽላ ከሚዘራበት አገር የመጣችሁ ሰዎች አቀንጭራን በደንብ ታውቁታላችሁ። ከላይ ሲታይ አበባው ያምራል፣ ከታች ግን የማሽላውን ሥር ነክሶ ይመጠምጠዋል። ዘሩ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። የሚነቃው ማሽላው ፈንገሱን ሲጠራ ነው። ማሽላው ባልደረባውን ይጠራል፣ ሌባው ጥሪውን ሰምቶ ይመጣል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ትልቅ ሥራ የሠሩት የእኛው አገር ሰው ናቸው። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ገቢሳ ኤጄታ አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዘር በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ሥራቸው ከተመሠረተባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የሥር ጥሪ ነው፤ የአቀንጭራን ዘር እምብዛም የማይቀሰቅሱ ማሽላዎችን መርጠው ማዳቀል። ልጆቻችሁ «ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ማን አለ?» ብለው ሲጠይቋችሁ አንድ ስም ይኸውላችሁ።

እንደ ወንፈል ነው

ገጠር ያደገ ሰው ወንፈልን ያውቃል። ዛሬ አንተ የኔን ማሳ ታርማለህ፣ ነገ እኔ ያንተን አርማለሁ። ሰውየው ሁለት ሦስት ጊዜ ከቀረ ግን በሚቀጥለው የሚጠራው የለም።

ተክልና ፈንገስም ሒሳብ አላቸው። ቶቢ ኪርስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት አንድን የአልፋልፋ ዘመድ የሆነ ተክል ከተለያዩ ፈንገሶች ጋር አኖሩት። ተክሉ ብዙ ፎስፈረስ ለሚያመጣለት ፈንገስ ብዙ ስኳር ሰጠ፣ ለሰነፉ ቀነሰበት። ፈንገሱም እንዲሁ፣ ደህና አድርጎ ለሚከፍለው ሥር አብልጦ አቀበለ። ማንም ማንንም አያስገድድም፣ ሁለቱም ሌላ አማራጭ አላቸው።

ከዚህ የሚወጣ ነገር አለ፣ ለጓሮ አትክልተኛም ይጠቅመዋል። ተክሉ ፎስፈረስ በማዳበሪያ ከተትረፈረፈለት ፈንገሱን መጥራት ይቀንሳል። እቃው በነፃ ደጁ ላይ ከተራገፈለት ለአመላላሽ ለምን ይከፍላል? እሱ መክፈል ሲያቆም ፈንገሱም ይመነምናል።

በዚህ ስምምነት መሃል የሚያጭበረብርም አለ። በሰሜን አሜሪካ ጫካዎች ውስጥ እንደ ሰም ነጭ የሆነ፣ አንድም አረንጓዴ ነገር የሌለው ትንሽ ተክል ይበቅላል። ብርሃን አያስፈልገውም። ከዛፍ ጋር የሚኖረውን ፈንገስ ተጠግቶ ስኳር ይቀበላል፣ የሚመልስለት ነገር ግን እስካሁን አልተገኘበትም። ያው በየማኅበሩ አንድ እንዲህ ዓይነት አይጠፋም።

ትሪው ላይ ማን ማን ነው?

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። ከምንበላው ውስጥ ማን ከፈንገስ ጋር ይኖራል፣ ማን ብቻውን?

ከሁሉ በላይ ፈንገስ የሚፈልገው ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት ነቅላችሁ ብታዩ ሥሩ ጥቂትና ወፍራም ነው፤ ሌሎች ተክሎች ያሏቸው ቀጫጭን የሥር ፀጉሮች እምብዛም የሉትም። ስለዚህ ምግብ ፍለጋ የሚሄድለት ሰው የግድ ያስፈልገዋል። የወጣችን ሁሉ መነሻ የሆነው ሽንኩርት፣ ያ ሁሉ ቁሌት፣ አፈር ውስጥ የሰው እጅ ጠባቂ ነው። ነጭ ሽንኩርትም የዚያው ቤተሰብ ነው።

እንጀራው፣ ማለትም ጤፍ፣ ባልደረባ አለው። ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎና ማሽላም እንዲሁ። ቃሪያና በርበሬ፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ካሮት፣ ሁሉም አላቸው። ከምግብ በኋላ የምንጠጣው ቡናም አለው።

ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተርና ፎሶሊያ ደግሞ ሁለት ባልደረባ አላቸው። አንደኛው ፈንገሱ ነው። ሁለተኛው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ሥራቸው ላይ ትናንሽ እብጠቶች ሠርቶ ይኖራል፣ ከአየር ላይ ናይትሮጅን እየወሰደ ይሰጣቸዋል። ጥራጥሬ የተዘራበት መሬት በዓመቱ ለጤፍ ይሻላል ሲሉ አባቶቻችን ምክንያቱ አንዱ ይሄ ነው። ሽሮ በፕሮቲን የበለጸገውም በዚሁ ናይትሮጅን ነው።

ብቸኞቹስ? ጎመን! ጎመን ማይኮራይዛ የለውም። ጥቅል ጎመን፣ ሰናፍጭ፣ ጎመን ዘርና ፌጦ የዚያው ዘር ስለሆኑ እነሱም የላቸውም። እነዚህ ተክሎች ከብዙ ዘመን በፊት ከፈንገሱ ጋር መኖርን ትተዋል፤ ለዚያ የሚያስፈልጉ ጂኖችም ጠፍተውባቸዋል። ቀይ ሥር፣ ቆስጣና ስፒናች ከሌላ ቤተሰብ ቢሆኑም እንዲሁ ብቻቸውን ናቸው። እንግዲህ አንድ ትሪ ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡት ጎመንና ምስር አፈር ውስጥ ፈጽሞ የተለያየ ኑሮ ነው ያላቸው።

አንድ ለየት ያለ ደግሞ አለ፣ የጎጃም ሰዎች ደስ ይበላችሁ፤ ግብጦ። ግብጦ ጥራጥሬ ነው፣ ናይትሮጅን የሚሰጠው ባክቴሪያ አለው። ፈንገሱን ግን አይቀበልም። ፎስፈረስ ሲያጥረው እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የተቆጣጠሩ ሥሮች ያወጣና ሎሚ ውስጥ ከሚገኘው አሲድ ጋር አንድ የሆነ አሲድ ይለቃል፤ የተጣበቀውን ፎስፈረስ በዚያ ያላቅቃል። ምሬቱን ለማውጣት ቀናት ሙሉ ውሃ ውስጥ የምናቆየው ግብጦ ራሱም እንዲህ ችሎ የሚኖር ነው።

በዓረብ አገር ላላችሁ

በኩዌት፣ በሳዑዲ፣ በኳታርና በኤምሬትስ የምትኖሩ፣ በክረምቱ መጨረሻ ገበያ ላይ አሸዋ የለበሰ ድንች የሚመስል ነገር በውድ ዋጋ ሲሸጥ ሳታዩ አልቀራችሁም። ዓረቦቹ ፈጋ ወይም ከማ ይሉታል። በሰው ቤት ወጥ ቤት የምትሠሩ እህቶቻችን ደግሞ አሸዋው እስኪለቅ ደጋግማችሁ አጥባችሁት ይሆናል። ይሄ የበረሃ ትራፍል ነው፣ ከሥር ፈንገስ የሚገኝ ፍሬ። የሚኖረው ሄሊያንተመም ከሚባል ትንሽ የበረሃ ቁጥቋጦ ሥር ጋር ነው። በበልግ ማለትም በጥቅምትና በኅዳር ደህና ዝናብ ከዘነበ በጥርና በየካቲት ይወጣል። ነገር አዋቂ በዱ ትራፍሉን አይፈልግም፤ ቁጥቋጦውን ይፈልግና አጠገቡ መሬቱ ስንጥቅ ያለበትን ቦታ ይቆፍራል። ነጎድጓድ ነው የሚያወጣው የሚል የቆየ እምነትም አላቸው። በእስራኤል ነገቭ በረሃም ይገኛል። ቁጥቋጦው ከተነቀለ ወይም በመኪና ጎማ ከተደመሰሰ በዚያ ቦታ ፈጋ አይኖርም፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም።

የደብሩ ዛፎችና የምንልከው ገንዘብ

ከጎንደርና ከጎጃም በአውሮፕላን ያለፈ ሰው በታረሰው መሬት መሃል እንደ አረንጓዴ ቁልፍ የተቀመጡትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አይቷቸዋል። «እመጓ»ን የጻፉት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ሳይንቲስት ናቸው፤ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለረጅም ጊዜ አጥንተዋል። እዚያ ያሉት ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ጥቁር እንጨት ሁሉም የሥር ፈንገስ አላቸው። የኢትዮጵያና የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት የአገራችን ደጋ ደኖች ዛፎች በአብዛኛው ወደ ሕዋስ ከሚገባው ዓይነት ፈንገስ ጋር እንደሚኖሩ አሳይተዋል።

ይህ ለምን እኛን ይመለከተናል? ብዙ ማኅበሮቻችን ለትውልድ መንደራቸው ችግኝ ማስተከያ ገንዘብ ይልካሉ። ችግኙ ሲተከል ፎቶ ይመጣል፣ ደስ ይለናል። በዓመቱ ግን ስንቱ ጸደቀ? ችግኝ የሚሞትበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ውሃ፣ ከብት፣ ተንከባካቢ ማጣት። አንዱ ምክንያት ግን ከላይ አይታይም። ዛፍ ከጠፋበት ብዙ ዘመን የሆነው፣ አፈሩ በጎርፍ የታጠበ መሬት የዛፉ ባልደረባ የሆነው ፈንገስም አንሶበታል። በካሪቢያን ባሕር በፖርቶ ሪኮ ደሴት የፓይን ዛፍ ለመትከል ለዓመታት ተሞክሮ ችግኙ እየጫጨ ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከአሜሪካ ከፓይን ጫካ የመጣ ጥቂት አፈር ሲጨመርበት አደገ። የጎደለው ፈንገሱ ነበር።

በአገራችንም በእጣን ዛፍ ላይ ተሞክሯል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሆላንድ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ፈንገስ ያገኙ የእጣን ችግኞች ካላገኙት በተሻለ አድገዋል፣ ውሃቸውንም በተሻለ ተጠቅመዋል። ቡና ሲፈላ የምናጨሰው እጣን ዛፉ እየቀነሰ ላለበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ማኅበራችሁ ገንዘብ ሲልክ አንድ ጥያቄ አብሮ ይላክ፤ ችግኝ ጣቢያው የሚጠቀመው አፈር ከየት ነው? እዚያው አካባቢ፣ ከደብሩ ወይም ከቀረው ደን ዛፎች ሥር ጥቂት አፈር አምጥቶ በችግኙ ፕላስቲክ ውስጥ መቀላቀል ብዙ ወጪ የለውም። ያው በስምምነትና ደኑን ሳይጎዱ። አደራ፣ የአገሬ አፈር ብላችሁ በሻንጣ ወደዚህ እንዳታመጡ። ያለ ፈቃድ አፈር ወደ አሜሪካም ሆነ ወደ አውሮፓ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ከአፈር ጋር በሽታም ይመጣል።

ዛፎች ያወራሉ ወይ?

ልጆች ከትምህርት ቤት ወይም ከቪዲዮ «ዛፎች ከመሬት ሥር በፈንገስ ያወራሉ፣ እናት ዛፍ ልጆቿን ትመግባለች» የሚል ነገር ይዘው ይመጣሉ። ካናዳዊቷ ሱዛን ሲማርድ እ.ኤ.አ. በ1997 ከአንድ ዛፍ የወጣ ካርቦን ወደ ሌላ ዓይነት ዛፍ እንደሚደርስ በጫካ ውስጥ አሳይታለች። ወሬው ከዚያ ጀምሮ እየሰፋ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሌሎች ሦስት ተመራማሪዎች የተጻፈውን ሁሉ መርምረው፣ እናት ዛፍ ልጇን ለይታ ትመግባለች የሚለው በጫካ ውስጥ ማስረጃ እንደሌለው ጻፉ። ፈንገሱ የተለያዩ ተክሎችን ሥር ሊያገናኝ መቻሉ እውነት ነው። ምን ያህል ነገር በዚያ ያልፋል የሚለው ገና እየተጠና ነው። ልጁ ሳይንቲስት መሆን ከፈለገ ሥራ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

በጓሮአችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ጓሮ ያላችሁም፣ በረንዳ ላይ ሦስት አራት ማሰሮ ብቻ ያላችሁም፣ ይህን ሞክሩ።

ማዳበሪያ ስትገዙ ከረጢቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች ታያላችሁ። የመሃሉ ፎስፈረስ ነው። ለሽንኩርት፣ ለቃሪያና ለቲማቲም የመሃሉ ቁጥር ትልቅ የሆነውን ካለ ምክንያት አትግዙ። የቆየ ብስባሽ ይሻላል።

አፈሩን በየዓመቱ ከላይ እስከ ታች አትገልብጡት። ክሩ ይበጣጠሳል። ዘሩን ወይም ችግኙን የምትተክሉበትን ቦታ ብቻ ክፈቱ።

መሬቱን ባዶ አታሳድሩት። ፈንገሱ የሚበላው ከሕያው ሥር ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ለምትኖሩ ነጭ ሽንኩርት ለዚህ ይመቻል፤ በበልግ ይተከላል፣ ክረምቱን ሥሩን ይዞ ያድራል፣ በበጋ ይነቀላል።

ሁሉንም ቦታ ጎመን አታድርጉት። ጎመን ብቻ በነበረበት መሬት ላይ ፈንገሱ የሚያኖረው ሥር ስለሚያጣ በቀጣዩ ዓመት ሽንኩርት ብትተክሉ ባልደረባው አንሶ ይጠብቀዋል። በጎመኑ መሃል መሃል ባቄላ ወይም ቃሪያ ጣል አድርጉ።

በሱቅ የማይኮራይዛ ዱቄት ይሸጣል። ለጎመን፣ ለቀይ ሥርና ለቆስጣ አትግዙ፣ ገንዘባችሁ ይቀልጣል። ጤነኛ የጓሮ አፈር ላለውም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ፈንገሱ እዚያው አለ። የሚጠቅም ከሆነ በከረጢት አፈር ለተሞላ ማሰሮ ነው። ያኔም ዱቄቱ ሥሩን መንካት አለበት፤ ከላይ መበተን ብዙም አይረዳም።

ለልጆች

አንድ። የባቄላ ወይም የፎሶሊያ ተክል ሲያብብ ቀስ ብላችሁ ከነአፈሩ አውጡትና ሥሩን በውሃ እጠቡት። ትናንሽ እብጠቶች ታያላችሁ፣ የባክቴሪያው ቤቶች ናቸው። አንዱን በጥፍራችሁ ክፈቱት። ውስጡ ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው።

ሁለት። ፓርክ ስትሄዱ ፓይን ወይም ኦክ ዛፍ ሥር የወደቀውን ቅጠል ገለጥ አድርጉ። ቀጫጭኖቹ ሥሮች ጫፋቸው አጭርና ደንደን ያለ፣ እንደ ትንሽ ሹካ የተከፈለ ከሆነ ፈንገሱ ጓንት አልብሷቸዋል። ስትጨርሱ ቅጠሉን መልሱበት።

ሦስት። የሽንኩርቱ ፈንገስ በዓይን አይታይም። ማይክሮስኮፕ ያለው አስተማሪ ካላችሁ ጠይቁት። ሥሩ ተቀቅሎ ከጠራ በኋላ በኮምጣጤና በእስክሪብቶ ቀለም ይነከራል፤ ፈንገሱ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። የሚቀቀልበት ኬሚካል ስለሚያቃጥል ይህን ክፍል አስተማሪው ብቻ ይሥራው።

ለወላጆች፣ ጥንቃቄ

ከጫካም ሆነ ከፓርክ እንጉዳይ ለቅማችሁ አትብሉ። በዓለም ላይ ብዙ ሰው የሚገድለው አማኒታ ፋሎይደስ የሚባለው እንጉዳይ ራሱ የዛፍ ሥር ባልደረባ ነው። ከአውሮፓ ከዛፍ ጋር ተጉዞ ካሊፎርኒያና አውስትራሊያ ገብቷል። ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች በአገራቸው የሚበሉትን መስሏቸው በልተውት ሞተዋል። ሲበስል መርዙ አይጠፋም፣ ጣዕሙም አያስጠነቅቅም። ሕመሙ የሚጀምረው ከበሉት ብዙውን ጊዜ ከ6 ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ በዚያን ጊዜ ጉበት እየተጎዳ ነው። የተጠራጠረ ሰው እስኪያመው አይጠብቅ፣ የቀረውን እንጉዳይ ይዞ ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ። በአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከል ስልክ 1-800-222-1222 ነው፤ ሌሊትም ቀንም ይሠራል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል።

መልካም የተከላ ወቅት። ሽንኩርቱን አትርሱ!